ፎቁን እንክፈተው፦ ለሰፈራችን የድሮ ቤት የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፣ እዚህ አድጋችሁ ዛሬ በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም የምትኖሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለውን ያን ባለ አንድ ፎቅ ቤት የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። እኔ የተወለድሁት እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው ሦስተኛዋ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ መስኮት ስላልነበራት ቀንም በአምፖል ነበር የምናጠናው። ጎረቤታችን ቡና ስትቆላ ጢሱ በቺፕውድ ግድግዳው ስንጥቅ ይገባልናል፤ እናቴም ጥሪ ሳትጠብቅ ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች።

ቤቱ ግን ለአምስት አባወራ አልተሠራም። ሽማግሌዎቻችን እንደሚነግሩን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ፖሊ ቴክኒኩም ሳይመጡ የቆመ ነው። ፎቁ አንድ ሰፊ እልፍኝ ነበር፤ በሐይቁ በኩል ከዳር እስከ ዳር በረንዳ ነበረው፣ ደረጃውም በውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ቤቱ የቀበሌ ሆነ፤ እልፍኙም ተሸንሽኖ ቤት ላጡ ሰዎች ተከራየ። እኔም በዚያ ሽንሸና የተጠለልሁ ነኝና አልኮንነውም።

ጉዳቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በረንዳው በብሎኬት ተዘግቶ ማድ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ሆነ። የእንጨት ወለል የብሎኬት ግድግዳ አይችልም፤ ምድር ቤት ገብታችሁ ቀና ብትሉ ወለሉን የተሸከሙት አግዳሚ እንጨቶች፣ ወራጆቹ፣ ወገባቸው ጎብጦ ታያላችሁ። ውስጥ ለውስጥ ደረጃ ለማውጣት ሲባል ደግሞ ሁለት ወራጅ ተቆርጧል፤ የተቆረጠውን ጫፍ እስከ ዛሬ የያዘው አንድ የባሕር ዛፍ ድጋፍ ነው።

የባሰው ግድግዳው ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያስወጣል፤ የጥንቱ የኖራ ልስን ይህን አይከለክለውም። በላዩ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን የወራጅ ጫፍ ያበሰብሰዋል። አናጢያችን አንዱን በካቻቢቴ ወጋ ቢያደርገው እስከ እጀታው ገባ። ተከትሎ የወጣው እንጨት እንደ ቡና አተላ ጣት ላይ ይጣበቅ ነበር።

ለፍተሻ አንዱን ቺፕውድ ስናነሣ ከኋላው ሰማያዊ የኖራ ቅብና ከፍ ብለው የተተከሉ የእንጨት ኩላቦች ወጡ። ያን ዕለት እኔ ባደግሁባት ክፍል ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሐይቁ ብርሃን ሲያርፍ አየሁ። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።

የመጨረሻዋ ተከራይ ወደ ልጃቸው ቤት ከሄዱ ወዲህ ፎቁ ባዶ ነው፤ እድራችንም ከቀበሌው ጋር ተስማምቶ ለሰፈሩ አገልግሎት ተረክቦታል። ብሎኬቱ ወርዶ በረንዳው ይከፈታል፣ ደረጃው ወደ ውጭ ይመለሳል፣ የተቆረጠው ወለል ይደፈናል። ውሃ የሚነካው ሥራ ሁሉ ወደ ምድር ይወርዳል። እልፍኙ የተማሪዎች ማንበቢያ ይሆናል፤ በየቤቱ ቦታ አጥተው ደጅ መብራት ሥር የሚያጠኑትን ልጆች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ኮሚቴውን አጥብቄ የተሟገትሁበት አንድ ነገር ነበር፦ ከአምስቱ ክፍሎች አንዷ ከነቺፕውዷ እንድትቀር። እዚያ የኖሩት ሰዎች ኑሮም የቤቱ ታሪክ ነው። ተስማምተዋል፤ የዳሯ ክፍል ለእድሩ መዝገብ ትቆያለች።

«አፍርሰን አዲስ ለምን አንሠራም?» ያላችሁን ሰምተናል። በቅዱስ ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን፣ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሠራው የሚነገርለትን የድንጋይ ፎቅ አስቡት። ያኔም አፍርሱት ያለ ሰው ተሰምቶ ቢሆን ዛሬ ለልጆቻችን ምን እናሳያቸው ነበር? ቋሚ ቅርስን ለመጠገን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱ በእጃችን ሳይገባ አንድ ድንጋይ አይነቃነቅም።

የእንጨት ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ልመናችን በዓይነት ነው። 11 ወራጅ፣ 6 መስኮት፣ የውጭ ደረጃ፣ የወለል ጣውላና ኖራ ያስፈልገናል። አንድ ሰው፣ አንድ ማኅበር ወይም አንድ ዕቁብ አንድ ወራጅ ይያዝልን፤ የዕለቱን ዋጋ ከገንዘብ ያዣችን ጠይቆ ገቢ ያደርጋል። ወራጅ ከከበደ ጣውላ አለ። ጽድ ከጫካ አናስቆርጥም፤ የድሮ ቤት አፍርሳችሁ ጠርብ፣ ማጠፊያ ወይም መስኮት በጓሮ የከመራችሁ ንገሩን፣ ጋሪ ይዘን እንመጣለን። ፈቃዱ ሲገባ ደግሞ ጉልበት ያለው ወጣት ቅዳሜ ከሰዓት ብሎኬት ያውርድልን።

ገንዘቡ የሚወጣው በእድሩ ዳኛ፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ጣምራ ፊርማ ብቻ ነው። ለሁሉም ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በእድሩ ቤት በር ላይ ይለጠፋል።

ወለሉን ግንቦት ሳያልቅ መጨረስ አለብን። የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ አንድ ጊዜ እንኳ ይችላል ብሎ አናጢያችን አልደፈረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥታችሁ እዩት፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ ግን ፎቁ ላይ አላወጣም።

የእድሩ ጸሐፊ፣ ባሕር ዳር