ለእማዬ፦ ስለዚያ ፈዛዛ ደመና

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ሞራው ከተገፈፈልሽ ወዲህ ዓይንሽ እንዴት ሆነልሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ላይ ቆመህ የምታነሳው ምንድን ነው?» ብለሽኝ መስመሩ ተቋረጠ። ልንገርሽ።

ከዴንቨር ሁለት ሰዓት ነድቼ፣ መብራት የሌለበት ሜዳ ላይ ቴሌስኮፔን እተክላለሁ። የማነሳው ኔቡላ ነው፤ ፈዛዛ የጋዝ ደመና። ሰማይ ላይ ሲታይ ቁመቱ ከሁለት ሙሉ ጨረቃ በላይ ሆኖ ሳለ በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 2011 ድረስ ማንም አላየውም ነበር። ያገኘው ኒኮላ ኡተርስ የሚባል፣ እንደኔ በትርፍ ጊዜው ሰማይ የሚያነሳ ፈረንሳዊ ነው።

አንዷን ፎቶ ለአሥር ደቂቃ ከፍቼ አነሳለሁ። ብቻዋን ስትታይ ባዶ ናት። የፈተልሽልኝን ጋቢ አስቢው፤ አንዱ ንብር ፊት ላይ ቢጣል ማዶውን ያሳያል፣ አራቱ ሲደረቡ ግን ብርድ አያሳልፉም። ፎቶም እንዲሁ ነው፦ አራት ስደርብ ብጥብጡ፣ ደመናውን የሚሸፍነው የፎቶው ሽውታ ነጠብጣብ፣ በግማሽ ይወርዳል፣ እንደገና በግማሽ እንዲወርድ አሥራ ስድስት ይፈልጋል። እኔ በ11 ሌሊት 126 ደረብኩ። መጨረሻ ላይ ከጥቁሩ ውስጥ ውሃ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ፤ የኦክስጅን ብርሃን። እጄ ተንቀጠቀጠ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ምንነቱ ነው። ርቀቱ ገና አልተቆረጠለትም፣ ርቀቱ ካልታወቀ ደግሞ ማንነቱ አይታወቅም። ቅርብ ከሆነ፣ እንደኛ ፀሐይ ያለች ኮከብ ስትሞት የገፈፈችው ልብሷ ነው። ከዙሪያው ካለው ቀይ ደመና ጋር አብሮ ከሆነ ግን፣ መሐሉ ላይ ካሉት ሦስት ትኩስ ግዙፍ ኮከቦች የተወረወረ ነው፤ ያኔ 2,300 የብርሃን ዓመት ይርቃል (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው መንገድ ነው)፣ ቁመቱም 50 የብርሃን ዓመት ይጠጋል። በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ጥናት ወደዚህ ያጋድላል። እኔም መሐሉ እነዚያ ኮከቦች ላይ ልክ ማረፉን ስንቴ አጉልቼ አየሁት፤ አጋጣሚ ነው ማለት ያቅተኛል። እንደዚያ ከሆነ ያነሳሁት ብርሃን የተነሳው ክርስቶስ ከመወለዱ 300 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ያለበት የኮከቦች ስብስብ ሴፌዎስ ይባላል፤ ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ያሉት ነው። በመስከረም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከደጃፍ ወጥተሽ ወደ ሰሜን እዪ፤ የተገለበጠ ጎጆ የሚመስሉ አምስት ኮከቦች አሉ። ደመናው በዓይን አይታይም፣ ቦታው ግን እዚያው አጠገብ ነው።

ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ፈረንጆቹ በባሕር እንስሳ ስም ጠርተውታል፤ የትኛው እንደሆነ አሁን አልነግርሽም። መጀመሪያ አንቺ በአዲሱ ዓይንሽ እዪና ምን እንደመሰለሽ ደውለሽ ንገሪኝ።

ልጅሽ