የጎን መንገዱ ለጠዋት ይሁን

ክቡር አዘጋጅ፣

ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም የሞተር ጉዞ ለሚያቅዱ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ የእህቴ ልጅ ከጋዜጣው ቆርጣ አምጥታልኝ አነበብኩት። ስለ ሄልሜት፣ ስለ ጓንትና ስለ ዝናብ ልብስ የተባለው ሁሉ ደግ ነው። አንዱን አንቀጽ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጸሐፊው ጀማሪው መጀመሪያ በአውራ ጎዳናው ወደ መድረሻው እንዲገሰግስ፣ ውብ የሆኑትን የጎን መንገዶች ደግሞ ጊዜ ከተረፈው እንዲያያቸው ይመክራሉ።

ጊዜ አይተርፍም። ቢተርፍም የሚተርፈው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ክንድ ዝሏል፣ ፀሐይ ዓይን ውስጥ ገብታለች፣ ልብም ማደሪያው ላይ ነው። ከቀኑ ሁሉ ከባዱን መንገድ ለዚያ ሰዓት ማስቀረት ለእኔ የተገላቢጦሽ ዕቅድ ነው።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ፤ ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ ሞተር ላይ አሳልፋለሁ። የእህቴ ልጅ በ200 ሲሲ ሞተሯ ልትወጣ ነውና ዕቅዷን ዘርግታ አሳየችኝ፦ በቀን 450 ኪሎ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ተራራ የሚዞር መንገድ። «በስንት አስበሽው ነው?» አልኳት። «በ80፣ ጋሼ» አለች። 80 ቆጣሪው ላይ የሚታይ ፍጥነት እንጂ የቀን አማካይ አይደለም። ለነዳጅ፣ ለውሃ፣ ለፎቶና ወገብ ለማፍታታት የሚቆመው ሲደመር፣ ጥምዝ በበዛበት መንገድ አማካዩ 45 ከሆነ ጥሩ ነው። በዚህ ስሌት 450 ኪሎ ሜትር 10 ሰዓት ይፈጃል፤ ለጀማሪ ደግሞ 6 ሰዓት እንኳ ብዙ ነው።

ካርታ ላይ ርቀት ብቻ የሚያነብ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ይታለላል። በአሜሪካ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ የሚባለው የተራራ መንገድ 755 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ላሰበው የአንድ ቀን መንገድ ይመስላል። በአብዛኛው ክፍሉ የተፈቀደው ፍጥነት ግን በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንዴም ሳይቆሙ፣ ሕጉ የፈቀደውን ጥግ ይዘው ቢነዱ እንኳ ከ10 ሰዓት ያልፋል። ሳይቆሙ ለመንዳት ደግሞ ያንን መንገድ ማን ይመርጠዋል? በ24 ሰዓት 1,000 ማይል፣ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር የሚጋልቡና ለዚህም ምስክር ወረቀት የሚቀበሉ ሞተረኞች እንዳሉ አውቃለሁ። ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ፤ ሙያቸው ግን ሌላ ነው።

ከርቀቱ ቀጥሎ ከፍታው አለ። ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮቹ ተጠጋግተው ከተሳሉ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ አየሩም ይለወጣል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። የጣሊያኑን የስቴልቪዮ የተራራ ማለፊያ መንገድ ውሰዱ፤ አናቱ 2,757 ሜትር ነው። በሰሜን በኩል 48 እጥፋት ኩርባዎች ያሉት ሲሆን 24 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት 1,800 ሜትር ያህል ይወጣል። ግርጌው 22 ዲግሪ ከሆነ አናቱ 10 ገደማ ነው ማለት ነው። በ10 ዲግሪ አየር ውስጥ በ80 የሚነዳ ሰው ቆዳው ላይ የሚሰማው ብርድ የ4 ዲግሪ ያህል ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬንና ፍሪሲዮን በልኩ አይዝም። ስለዚህ ወፍራሙ ጓንት ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከላይ ይቀመጥ፤ የሚለበሰውም ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ለጠዋት የምከራከርበት ዋናው ምክንያት ግን ዓይን ነው። ሞተር ነጂው ወደሚያይበት ይሄዳል። ገደሉን ያየ ወደ ገደሉ፣ የኩርባውን መውጫ ያየ ወደ መውጫው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሸለቆውን ለሁለት ሰከንድ ካደነቀ 44 ሜትር ሳያይ ነድቷል። ኩርባው ላይ ጠጠር ፈሶ ይሁን፣ ከብት ቆሞ ይሁን አያውቅም። ውበት የሚታየው ቆሞ ነው። ለመቆም ደግሞ የማያስቸኩል ሰዓት ያስፈልጋል፤ እሱም ጠዋት ነው። በዚያ ላይ ጠዋት ወደ ምዕራብ የሚነዳ ፀሐይ ከጀርባው ናት፤ መንገዱም ሸለቆውም ወለል ብሎ ይታየዋል።

እዚህ ላይ እኔና የእህቴ ልጅ ያልተስማማንበት ነገር አለ። መኪና በቀኝ በሚነዳበት አገር የተራራውን መንገድ ሸለቆው በቀኝ እንዲውል አድርገሽ ዙሪው አልኳት፤ መመልከቻው ላይ ለመቆም ከፊት የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ የለብሽም። እሷ ደግሞ «ገደሉ ከጎኔ ሲሆን እጄ ይደርቃል፤ ከኮረብታው ጥግ ይሻለኛል» አለች። የደረቀ እጅ መሪ እንደማያዞር አውቃለሁና አልተጫንኳትም። በእሷ አቅጣጫ እንድትዞር፣ የምትቆምባቸውን ቦታዎች ግን በቀኟ ያሉትን ብቻ አስቀድማ እንድትመርጥ ተስማማን። አሁንም የእኔ ይሻላል ባይ ነኝ።

ነዳጅን በተመለከተ ጽሑፋችሁ ታንኩ ሙሉ ይሁን ብሎ አልፎታል። 12 ሊትር የሚይዝና በሊትር 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በወረቀት ላይ 360 ያደርሳል። ጭነት፣ ዳገትና የፊት ንፋስ ሲጨመሩ ግን እኔ የማምነው 240ውን ብቻ ነው። የጎን መንገድ ላይ ማደያ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ የሚሞላው ከአውራ ጎዳናው ከመታጠፍ በፊት ነው፣ ታንኩ ግማሽ ቢሆንም እንኳ። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ወደ ነጂው ይጠጋ፤ ከባድ ዕቃ ከኋላ ጫፍ ሲንጠለጠል የፊት ጎማ ይቀልና መሪው ይንሳፈፋል። የጎማ ንፋስ የሚለካው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ለጭነት የሚሆነው መጠን በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። የሰንሰለቱም መላላት እንደዚያው።

ሌላም ነገር አስጻፍኳት፦ የመመለሻ ሰዓት። ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የተራራው ግማሽ ካልደረሰች፣ ወይም ደመናው አናቱን ከሸፈነው፣ ያለ ክርክር ዞራ ወደ አውራ ጎዳናው ትወርዳለች። ይህን ቤት ተቀምጦ መወሰን ይቀላል፤ እዚያ ሲደርሱ «ትንሽ ነው የቀረኝ» የሚል ድምፅ ይመጣል።

የጎን መንገድ ለቁም ነገር ጉዞ አይሆንም የሚል ካለ በፈረንጆች 1916 ኦገስታና አዴሊን ቫን ቢዩረን የተባሉ እህትማማቾች ያደረጉትን ልጥቀስለት። በሁለት «ኢንዲያን» ሞተሮች ከኒው ዮርክ ተነስተው አሜሪካን ሲያቋርጡ ዓላማቸው ሴቶች ለጦሩ መልእክተኛ ሞተረኛ መሆን እንደሚችሉ ማሳየት ነበር። መንገዳቸው ላይ ግን 4,302 ሜትር ከፍታ ያለውን ፓይክስ ፒክ የተባለውን ተራራ አናቱ ድረስ ወጡት። ማንም አላስገደዳቸውም። ካሊፎርኒያም ደረሱ። (ጦሩ ግን የአዴሊንን ማመልከቻ አልተቀበለም፤ እሱ የጦሩ ኪሳራ ነው።)

የእህቴ ልጅ ዕቅድ አሁን በቀን 220 ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ ተራራው ጠዋት፣ ሜዳው ከሰዓት። ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ወደፊት የጉዞ ካርታ ስታወጡ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የሰዓት ግምቱን፣ አስፋልቱ የት እንደሚያበቃና የመጨረሻው ነዳጅ ማደያ የት እንዳለ ጻፉልን። ቦታ ከጠበበ ፎቶግራፉ ይቀነስ።

ከአክብሮት ጋር፣
ሞተረኛው ቀያሽ አንባቢያችሁ