በማስታወቂያ ክፍያ ላይ ስለሚታየው 15 በመቶ ለደንበኞቻችን የተላከ ማብራሪያ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኬክ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት ደንበኛችን ዱቄት የነካውን ደረሰኝ ይዘው ቢሯችን መጡ። ለፌስቡክ ማስታወቂያ 10,000 ብር ተባብለን ሳለ ደረሰኙ 11,500 ያለው ለምን እንደሆነ ጠየቁን። ከገላን የቤት ዕቃ አምራቾችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለደረሰን ለሁላችሁም በጽሑፍ መመለስን መርጠናል።

የአገልግሎት ክፍያችን አልጨመረም። በተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ከውጭ አገር በኢንተርኔት የሚገዛ አገልግሎትም ቫት ይከፈልበታል፤ ሻጩ እዚህ ቢሮ ስለሌለው እንደ እኛ ያለ የቫት ተመዝጋቢ ገዢ ታክሱን ራሱ አስልቶ ያስገባል፣ ኋላም ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሳል። ለእናንተ ስንሸጥ ግን በማስታወቂያውም በአገልግሎታችንም ላይ 15 በመቶ የመሰብሰብ ግዴታ አለብን። ቀድሞ የማስታወቂያውን ገንዘብ እንደ አደራ ቆጥረን ደረሰኝ የምንቆርጠው ለአገልግሎታችን ብቻ ነበር። ይህ ስሕተት እንደነበር የሒሳብ ባለሙያችን አስረድተውናል፤ አሠራሩን ስናርም አስቀድመን ባለማሳወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ዓመታዊ ሽያጫችሁ 2 ሚሊዮን ብር ደርሶ ለቫት የተመዘገባችሁ ደረሰኙን አስቀምጡ፤ 1,500 ብሩን ከሰበሰባችሁት ታክስ ላይ ታቀናንሱታላችሁ። ላልተመዘገባችሁት ግን ወጪ ሆኖ ይቀራል። ይህን ስንነግራቸው ኬክ ጋጋሪዋ «ታዲያ ትልቁ ያስመልሳል፣ ትንሹ ይከፍላል ማለት ነዋ!» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ግብሩ ለምን እንደ ፌስቡክና ጉግል ካሉት የውጭ ኩባንያዎች ትርፍ ላይ አይወሰድም ያላችሁንም አላችሁ። በተለመደው የአገሮች ስምምነት አንድ አገር የውጭ ኩባንያን የንግድ ትርፍ የሚቀረጥበት ኩባንያው በዚያ አገር ቋሚ የሥራ ቦታ ሲኖረው ነው፤ መተግበሪያ ደግሞ ቢሮ አያስፈልገውም። ስለዚህ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በአገሯ ካላቸው ጠቅላላ ሽያጭ 1.5 በመቶ ስታስከፍል ቆይታ በ2024 መጨረሻ በሌላ ግብር ተክታዋለች። ኡጋንዳ በ2018 በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚው ላይ በቀን 200 ሺሊንግ ጥላ ነበር፤ ብዙ ሰው በቪፒኤን (ተጠቃሚው ያለበትን አገር በሚደብቅ መተግበሪያ) እየሾለከ ስላስቸገራት በ2021 ትታው በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ አደረገችው። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው የብሪታንያ ነው፤ በ2020 ታላላቆቹ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በአገሯ ከሚያገኙት ገቢ 2 በመቶ ስትጠይቅ ጉግል በዚያው ዓመት ኅዳር ያንኑ 2 በመቶ በብሪታንያ በሚታዩ ማስታወቂያዎች ዋጋ ላይ ጨመረው። በእኛ ግምት፣ እዚህም ሌላ ዓይነት ግብር ቢመጣ ማስታወቂያ ከሚያሠራው ነጋዴ ደረሰኝ ላይ ማረፉ አይቀርም።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደረሰኛችን የማስታወቂያውን ዋጋ፣ የእኛን ክፍያና ታክሱን ለየብቻ ያሳያል፤ በቃል የምንነግራችሁም ዋጋ ታክሱን ያካተተ ይሆናል። ለማስታወቂያ ከ10,000 ብር በላይ ማውጣት የማትፈልጉ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ላይ የሚውለው 8,695 ብር ከ65 ሳንቲም መሆኑን አውቃችሁ ከማስጀመራችን በፊት ንገሩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ቱሉ ዲምቱ