ለደንበኞቻችን፦ በባንክና በመንግሥት አካላት በኩል ለሐራጅ ስለሚቀርቡ ቤቶች

የተከበራችሁ የሐዋሳ ደንበኞቻችን፣

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ወደ ቢሯችን ከምትመጡባቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ “የባንክ ቤት” የሚባለውን የሚመለከቱ በመሆናቸው፣ ለእያንዳንዳችሁ በቃል የምንነግራችሁን በጽሑፍ ማድረስ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በዚህ ስም ከሚጠሩት ቤቶች አብዛኞቹ የባንኩ ንብረት አይደሉም። ተበዳሪው ብድሩን መክፈል ሲያቅተው፣ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ክስ በሐራጅ የሚሸጣቸው የመያዣ ቤቶች ናቸው። በሐራጅ ገዥ ታጥቶ ባንኩ ራሱ የተረከባቸው ግን በእርግጥም የባንኩ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ በፍርድ አፈጻጸም የሚሸጡ፣ ላልተከፈለ ታክስ በገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የተያዙና በወንጀል ምክንያት በፍርድ የተወረሱ ቤቶች አሉ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሻጩ ማን እንደሆነና በምን ሥልጣን እንደሚሸጥ ጠይቁ።

የሐራጁ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን ወይም በሪፖርተር ጋዜጣ የሚወጣ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ነገር ነው። ለዚሁ ወሬ ደላላ ገንዘብ ሲጠይቃችሁ እንዳትከፍሉ አደራ እንላለን።

ብዙ ሰው የሚጎዳው በገንዘቡ ስሌት ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው መነሻ ዋጋ እንጂ የመሸጫ ዋጋ አይደለም። የተለመደው አሠራር ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን 1/4ኛ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ትዕዛዝ) እንዲያስይዝ፣ አሸናፊውም ቀሪውን በ15 ቀናት ውስጥ ከፍሎ እንዲጨርስ ይጠይቃል። መነሻው 4,000,000 ብር ቢሆን 1,000,000 ብር ታስይዛላችሁ፤ ፉክክሩ ዋጋውን 6,000,000 ብር ካደረሰው ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጨማሪ 5,000,000 ብር ማቅረብ ይኖርባችኋል። ይህን ያላሟላ ሰው ያስያዘው ገንዘብ አይመለስለትም። አንዳንድ ባንኮች መስፈርቱን ለሚያሟላ አሸናፊ ብድር እንደሚያመቻቹ ይገልጻሉ፤ ይህን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ሳትይዙ ግን በተስፋ ብቻ አትጫረቱ። ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የስም ማዛወሪያና ቀሪ የሊዝ ክፍያ በማን ላይ እንደሚወድቁም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ በገዥው ላይ ነው።

ቤቱን ሳያዩ መጫረትን እኛ በፍጹም አንመክርም። የካርታ ቁጥሩን ይዛችሁ በከተማው የመሬት ጽሕፈት ቤት ፋይሉን አስመርምሩ፤ የቦታው ስፋት በካርታውና በመሬቱ ላይ አንድ መሆኑን፣ ይዞታው ነባር ይሁን ሊዝ፣ ሌላ ዕግድ መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያም ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ማን እንደሚኖርበት እዩ። አንድ ደንበኛችን ሐይቅ ዳር አካባቢ የገዛው ቤት ውስጥ ለዓመታት የኖሩ ተከራዮች ስለነበሩ፣ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ቁልፉን እስኪረከብ ድረስ ብዙ ወራት ጠብቋል። ቤቱን አስቀድመን ሄደን ባለማየታችን ዛሬም ይቆጨናል።

አንዳንዶቻችሁ፣ በተለይ እናቶች፣ “የሰው እንባ ያለበት ቤት አይበረክትም” ብላችሁ ስትመለሱ አይተናል። ስሜቱን እናከብራለን። ሆኖም ዕዳውና ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ገንዘብ ለባለንብረቱ የሚመለስ በመሆኑ፣ ተጫራች በዝቶ ቤቱ ተገቢ ዋጋ ሲያወጣ የሚጠቀመው ያው የተቸገረው ቤተሰብ ነው። ባለዕዳውም ከሐራጁ በፊት ዕዳውን ከፍሎ ቤቱን ማስቀረት ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሲፒኦአችሁን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ።

ሐራጅ ለመግባት የምታስቡ ደንበኞቻችን፣ ሲፒኦ ከማሠራታችሁ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት የማስታወቂያውን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ቢሯችን ብትመጡ፣ ፋይሉንም ቤቱንም አብረናችሁ እናያለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሐዋሳ