ለገበያችን መጸዳጃ ቤት ውሃና ሳሙና እናስገባ፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሰፈራችን ሰዎች፣ አገር ቤትም ውጭም ያላችሁ፦

የገበያችንን የጋራ መጸዳጃ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የጉልት ሴቶች፣ ወያላዎች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ገበያተኛው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ይጠቀሙበታል። በር አለው፣ ጣሪያውም ደህና ነው። የእጅ መታጠቢያ ግን የለውም። ከዚያ የወጣ እጅ በቀጥታ ቲማቲም ይመርጣል፣ ብር ይቆጥራል፣ ልጅ ያጎርሳል።

ብዙዎቻችን የምንጠየፈው ወለሉን ነው። እጃችን የሚይዘው ግን መቀርቀሪያውን፣ የበሩን እጀታና ጀሪካኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 12 መጸዳጃ ቤቶችን ፈትሾ ነበር። በሮቹና ቧንቧዎቹ ላይ በብዛት የተገኘው ከሰው ቆዳ የመጣ ባክቴሪያ ነው። አብዛኛው የቆዳ ባክቴሪያ ጤነኛን ሰው አይጎዳም። ነገር ግን አንዱ በእጁ የተወውን ሌላው በእጁ እንደሚወስድ ያሳያል። የሚያስፈራው እጁን ያልታጠበ ሰው የአንጀት ባክቴሪያ ሲተው ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሽጌላ 100 እንኳ የማይሞላ ባክቴሪያ አፍ ከገባ ሰውን ሊጥል ይችላል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሰዎች ነን።

በስብሰባችን ላይ «መጀመሪያ ሴራሚክ ይነጠፍ» ያሉ ነበሩ። ያምራል፤ ግን ሴራሚክ እጅ አያጥብም። ሳኒታይዘር እንግዛ የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። እሱ ደግሞ በቆሸሸ እጅ ላይ በደንብ አይሠራም፣ ኖሮቫይረስ የሚባለውን የተቅማጥ ቫይረስም በደንብ አይገድልም። ስለዚህ ብሩ መጀመሪያ ለውሃና ለሳሙና ይዋል ብለን ተስማምተናል።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ትልቅ ሮቶ ያስፈልገናል። ቧንቧዎቹ በእግር ተረግጠው የሚከፈቱ ይሁኑ ብለናል፤ በቆሸሸ እጅ የከፈቱትን በታጠበ እጅ መዝጋት ትርፉ መልሶ መቆሸሽ ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ ጓንት፣ ቦት ጫማና በረኪና እንገዛለን። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥና፣ መቀርቀሪያውንና እጀታውን መጀመሪያ በሳሙና አጥባ ከዚያ ትቀባዋለች፤ ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉ ይደክማል። ከአሲድ ጋር ግን ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የሚከብደው ሳሙናው ነው። ሮቶ አንዴ ተገዝቶ ይቀመጣል፣ ሳሙና ግን በየሳምንቱ ያልቃል። ስለዚህ አንዴ ብዙ ከሚሰጥ ይልቅ በየወሩ ትንሽ የሚሰጥ ሰው በጣም እንፈልጋለን። አረብ አገር፣ አሜሪካም ያላችሁ ልጆቻችን፣ የአንድ ወር ሳሙና ብትችሉ ትልቅ ነገር ነው። ብር የሌለው ጉልበቱን ያምጣ፤ ቧንቧ ሠራተኛና ግንበኛ እንፈልጋለን።

ገንዘቡ የሚገባው በእድራችን ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከእድሩ ጸሐፊ ተቀበሉ፤ በስልክ ከማታውቁት ሰው ለተላከላችሁ ቁጥር አታስገቡ። የገባውና የወጣው በየወሩ ከነደረሰኙ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል።