ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ ቤቱን አትልቀቂ

ቡራዩ፣ ሐምሌ 12 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽ ግን እሑድ ከደወልሽ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። በሆላንድ ዋገኒንገን ከተማ ያለውን ቤትሽን በወሩ መጨረሻ ለቅቀሽ ወደ ጀርመን ልትሄጂ እንደሆነ፣ የቅጥር ውሉ ገና እንዳልመጣ፣ ነገር ግን ፕሮፌሰሩ «ቦታው ያንቺ ነው» እንዳሉሽ ነግረሽናል። የቅጥር ደብዳቤው እጅሽ ሳይገባ ቤቱን አትልቀቂ። ሰውየውን ጠርጥሬ አይደለም፤ ቅን ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ውሉን የሚያጸድቀው የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ነው፤ ቆንስላውም የሚጠይቅሽ ወረቀት ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ለሦስተኛ ዲግሪ ሄጄ ሳልጨርስ መቅረቴን ታውቂያለሽ፤ ምክንያቱን ግን እናትሽ ባነሣችው ቁጥር ወሬ ስለምቀይር በደንብ አልሰማሽውም። በ1981 ዓ.ም. ክረምት እማማ ታመው ስመጣ፣ አማካሪዬ «ቦታህ ይጠብቅሃል» አሉኝና በዚያው አምኜ፣ አንዲት የፈቃድ ደብዳቤ እንኳ ሳልጠይቅ ተነሣሁ። የሁለት ዓመት የአፈር ምርመራ ውጤት የሰፈረበትን፣ ጥጉ ላይ ሻይ የፈሰሰበትን አረንጓዴ ደብተሬን በጠረጴዛዬ ሁለተኛ መሳቢያ ውስጥ ተውሁት፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም ነበር፤ ሻንጣዬን ለእማማ የገዛሁት ብርድ ልብስ ሞልቶት ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. የበርሊን ግንብ ተከፈተ፤ መስከረም 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ሁለቱ ጀርመኖች ተዋሐዱ፤ የነበርሁበት ተቋም ተዘጋ። ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም፤ ተመዝግቤ እንደነበር የሚያስረዳ ቁራጭ ወረቀት እንኳ በእጄ አልነበረኝም። እማማ በዚያ ብርድ ልብስ ሁለት ክረምት ከረሙበት፤ እሱን በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ደብተሩን ግን እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ልጄ፣ አንቺ እኔ ካቆምሁበት አልፈሽ ሄደሻል፤ ሰው ስለ ልጆቼ ሲጠይቀኝ አንቺን ሳላነሣ አላልፍም። ስለዚህም ነው የምቆጣሽ፤ ደብዳቤው ሳይመጣ ቤቱን አትልቀቂ።

ስምሽንም አስተካክዪ። ፈረንጆቹ መጨረሻ ላይ ያዩትን የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ፣ አንዱ ጽሑፍሽ በእኔ ስም፣ ሌላው በወንድ አያትሽ ስም ወጥቷል፤ ኦርኪድ በሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ሥር ሁለቱንም ሳትውዪ ሳታድሪ ሰብስቢያቸው። ጀርመን የምትገቢበትንም ቀን ጽፈሽ ያዢ፤ የአውሮፓ ኅብረት ለተመራማሪዎች በሚሰጠው የማሪ ኩሪ የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ወደ አንድ አገር ለመሄድ የሚያመለክት ሰው፣ ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በዚያ አገር ከ12 ወር በላይ መኖር እንደሌለበት ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። የላቦራቶሪ ደብተሮችሽን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሺያቸው፤ ማንም አስቀምጥልሻለሁ ቢልሽ ተዪው።

ውሉ ሲመጣ ፊርማና ማኅተም ያለበትን ገጽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እናትሽ በርበሬውን አስፈጭታ በከረጢት አስራዋለች፤ አዲሱ አድራሻሽ በወረቀት ተጽፎ እስኪመጣ ግን ከቤት አይወጣም ብያለሁ።

አባትሽ