እታለም፣ ቦታውን ሸጣችሁ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

አሰላሙ ዐለይኪ እታለም፣ እንዴት ናችሁ፣ እማ ጉልበቷ ተሻላት ወይ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፣ የኮፐንሃገን ብርድ ነው ገና ያልለቀቀን።

ባለፈው ቦታውን ሸጠን መኪና እንግዛ ስትይኝ ኔትወርኩ ተቆራርጦ በደንብ አላወራንም፣ ነገሩ ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። የቤንዚን መኪና ከ2016 ጀምሮ እንዳይገባ ተከልክሏል፣ ስለዚህ የቤንዚን ከሆነ የምትገዙት ያው እዛው ያለውን አሮጌውን ነው፣ ከዛ የቤንዚን ሰልፍ፣ ከዛ ጋራዥ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስና ገበያ ለመመላለስ ብቻ ቦታ አይሸጥም እታለም።

ፎቶ ላይ አይተሽ ጋሪ ነው ወይ ያልሽኝ እሱ ነው የኛ መኪና። የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው፣ ከፊቱ የእንጨት ሳጥን አለው፣ ውስጡ አግዳሚና ቀበቶ፣ ሁለቱም ልጆች እዛ ቁጭ ይላሉ። ሲዘንብ ላስቲኩን አልብሼ ዚፑን እዘጋለሁ፣ እኔ ዝናቡ እየወረደብኝ እነሱ ሙዛቸውን እየበሉ በላስቲኩ መስኮት ሰው ያያሉ። ስመለስ አስቤዛው እግራቸው ስር ነው፣ የጤፍ ዱቄቱ ሳይቀር። እዚህ ሀገር የዶክተሩም የጽዳት ሰራተኛውም ልጅ በዚህ ነው የሚሄደው፣ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም።

ሞተሩ ብቻውን አይነዳም፣ ፔዳሉን ስትረግጪ ያግዝሻል፣ በሰአት 25 ኪሎሜትር ስትደርሺ ማገዙን ያቆማል፣ የአውሮፓ ህግ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ቤት ይገባና ይሰካል። የኔ የሚይዘው 500 ዋት ሰአት ነው፣ ማለትም ግማሽ ኪሎዋት ሰአት፣ ምጣድሽ በአንድ ጋገራ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትበላለች።

አንቺ ኮምቦልቻ ሳይሆን ደሴ ብትኖሪ ይሄን ሁሉ አልጽፍልሽም ነበር። ከኮምቦልቻ በሀረጎ ዳገት ደሴ ለመውጣት ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ነው፣ አንቺ ልጆቹና ብስክሌቱ 200 ኪሎ ብትሆኑ ዳገቱ ብቻ ከ300 ዋት ሰአት በላይ ይወስዳል፣ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር ባትሪው ደሴ ሳይገባ ሊያልቅ ይችላል። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፣ በተራ ፍሬን አይሞከርም። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ግን አብዛኛው ሜዳ ነው፣ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ፣ በቃ። አንድ የምፈራው ዋናው አስፋልት ላይ ያለውን ተሳቢና ኤፍኤስአር ነው፣ በሱ በኩል እንዳትሄጂ፣ በውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶኑ ይሁን፣ ቢያንገጫግጭም ይሻላል፣ ለዛ ወፍራም ጎማ ነው መድኃኒቱ።

የኔን ልላክልሽ ብልም አይሆንም፣ አዲሱ ከ30 ሺህ የዴንማርክ ክሮነር በላይ ነው፣ የኛም ያገለገለ ነው፣ ማጓጓዣው ራሱ ሌላ ብስክሌት ይገዛል። ባትሪም በሻንጣ አይመጣም፣ ከ160 ዋት ሰአት ካለፈ መንገደኛ ይዞ አውሮፕላን እንዲገባ አይፈቀድም። ስለዚህ ያሰብኩት እንዲህ ነው፣ ሳጥኑንና ፍሬሙን እዛው ብየዳ ቤት አሰሩት፣ ባትሪው አዲስ አበባ ይፈለግ፣ የዲስክ ፍሬኑንና ሞተሩን እኔ ለክረምት ስመጣ ይዤ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ፍሬኑ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ ልጆች ናቸው የሚጫኑት።

አሁን የምፈልገው ከቤት እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ በስልክ እየቀረጽሽ አንዴ በእግርሽ ሂጂና ላኪልኝ፣ ዳገቱም ጉድጓዱም ይታየኝ። የቦታውን ገዢ ደግሞ እስከዛ ቆይ በሉት። እማን ሳሚልኝ።

እህትሽ